ልጅ የማይፈልግ ቤት

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ልጄ ሕይወት ሳትደውል መጣች። ሳትደውል ከመጣች ነገር አለ ማለት ነው። የሁለት ዓመት ልጇን ናቲን አዝላለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ውሃ እንኳን ሳትጠጣ ስልኳን አወጣች። ሀይሌ ጋርመንት የተከራዩትን ቤት ልቀቁ ተብለዋል፤ አከራዩ ልጄን ልድርበት ነው ብሏል አሉ። አከራይ ሁሉ ኪራይ መጨመር ሲያምረው ልጁን ይድራል። ስንት ልጅ እንደተዳረ እኔ አውቃለሁ፤ ሙሽራ ግን አንድም አላየሁም።

«ሁለት ቤት አየን እማዬ» አለችኝ።

አንዱ ብስራተ ገብርኤል ነው፤ ከትልቅ ቤት ኋላ ያለች አንዲት የሰርቪስ ክፍል። ሌላው ፉሪ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ኩሽና ያለው፣ የራሱ በር ያለው፣ ኪራዩ ግን ከዚያች ከአንዷ ክፍል ያንሳል። ፎቶውን አሳየችኝ። የፉሪው ግድግዳ ገና ልስን አልነካውም። የብስራተ ገብርኤሉ ወለል ነጭ ሴራሚክ ነው፤ አልጋ ከገባ ግን ሰው የሚቆምበት የለውም።

«ፉሪ ይሰፋል» አልኳት።

«ታክሲውስ? በስንት ሰዓት ተነስቼ በስንት ሰዓት ልደርስ ነው? ውሃም በሳምንት አንዴ ነው አሉ። ብስራተ ገብርኤል ከሥራዬ በእግር ነው።»

«እንግዲያው ተጣበቡና ከተማ ኑሩ።»

የናቲን ጸጉር እያሻሸች፣ «ሴትየዋ ልጅ አትፈልግም» አለች። «እኔና ባሌ ብቻ ከሆንን ትሰጠናለች። ናቲ ለጊዜው አንቺ ጋ ቢቆይ ብለን ነው። እሑድ እሑድ እንመጣለን።»

እሑድ እሑድ። ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ አስቀመጥኩ። ልጄ ምን እንደፈራሁ አላወቀችም። ልታውቅም አትችልም። ያ ነገር ሲሆን እሷ ራሷ ገና አፏን አልፈታችም ነበር።

ያኔ ሃያን እምብዛም አልዘለልኩም። ባሌ ተሾመ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ወዳለበት ክፍለ ሀገር ይሄድና ወራት ሳይመጣ ይቆያል። እኔ ላፍቶ አጠገብ በነበረ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሸሚዝ እጅጌ እገጥማለሁ። ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ፤ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም። መካኒሳ የተከራየነው ቤት ተሸጠና ገዢው ውጡ አለን። ወሩ ሐምሌ ነው። በሐምሌ ዝናብ ሰው ከነልጁ የሚያስወጣ ሰው ክርስትና የተነሳ አይመስለኝም። ያኔም አልመሰለኝም፣ ዛሬም አይመስለኝም።

ፈንታ የሚሉት ደላላ ነበር፤ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ። በአንድ ቀን ሁለት ቤት አሳየኝ። ሕይወትን አዝዬ ከኋላው ስከተለው ዞር እያለ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንደሚያይ ሰው ያያታል። «እህቴ፣ አንቺን የማስገባበት ቤት ሞልቷል» አለኝ። «እሷን ነው ያቃተኝ።»

የመጀመሪያው ቤት ከመካኒሳ አቦ ወረድ ብሎ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ቧንቧው ግቢው ውስጥ፣ ፋብሪካው በእግር የሚደረስ። ክፍሏን ሳያት ምራቄን ዋጥኩ። እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆመው እኔን ትተው ለፈንታ ነው የሚነግሩት።

«ልጅ ግድግዳ ይሞነጭራል፣ ውሃ ይፈጃል፣ ያለቅሳል። ልጅቷን ዘመድ ጋ ትተዋትና ትምጣ። እሷስ ጨዋ ትመስላለች።»

«አዲስ አበባ ዘመድ የለኝም እትዬ» አልኩ።

አሁን አዩኝ። «ዘመድ በሌለሽ ከተማ ማን ውለጂ አለሽ?»

ፈንታ ሳቀ። እስከ ዛሬ ድረስ ምግብ ስሠራ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ለዚያች ንግግር መልስ እየፈለግሁ ነው። ጥሩ ጥሩ መልስ አግኝቻለሁ፤ እሳቸው ግን ሞቱ።

ሁለተኛው ቤት ፉሪ ነው። ዛሬ ፉሪ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ያኔ ታክሲ አስፋልቱ ያለቀበት ላይ ያራግፈንና የቀረውን በእግር ነው። አንዲት ወንዝ እንሻገራለን። ከወንዟ ወዲህ ከተማ ነው፣ ከወንዟ ወዲያ ኦሮሚያ። ውሃው አንድ፣ ጭቃው አንድ፤ ቀበሌው ሌላ፣ መታወቂያው ሌላ፣ ኪራዩ ደግሞ ግማሽ። ሰው በአንዲት እርምጃ እንዲህ ይረክሳል።

የቤቱ ባለቤት አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ አዴ በእነሱ እትዬ እንደማለት ነው፤ ረጅም፣ ሳቅ የማያውቁ ገበሬ ሴት። የጭቃ ቤት ነው፤ ግን ሰፊ ነው፣ ጓሮው ጎመን ነው፣ በሩ ላይ ጥጃ ታስሯል። ፈንታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅ አላት» አላቸው።

«ታዲያስ? ልጅ የሌለው ማን ነው?» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ልጅሽ ከጥጃዬ ጋር ከተጣላች ግን የምፈርደው ለጥጃዬ ነው።»

ደግ እንዳይመስሏችሁ። ከተሜ አይወዱም ነበር። «ከተማችሁ መሬታችንን እየበላ መጣ» ይሉኛል፤ «የማይበላውን አጥንት ደግሞ ወደኛ ይወረውራል።» አጥንቷ እኔ መሆኔ ነው። ቢሆንም ገባሁ።

ፉሪ የከበደኝ ቤቱ አይደለም፣ መንገዱ ነው። ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ። ሕይወትን ለአዴ ጫልቱ አቀብልና የፕላስቲክ ቦቲ አድርጌ ጭቃውን እወርዳለሁ፤ ጫማዬን በፌስታል እይዛለሁ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ በኩሬ እግሬን ታጥቤ ጫማዬን አደርጋለሁ። ታክሲ የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ወያላው ቦቲዬን አይቶ «እሱን ይዘሽ አትገቢም፣ ወንበር ታቆሽሺብኛለሽ» ይላል። እለምነዋለሁ። ፋብሪካው ደግሞ ሲረን ከነፋ በኋላ በሩን ይዘጋል፤ የረፈደበት ግማሽ ቀኑ ይቆረጣል። ስንቴ እንደተዘጋብኝ አልቆጠርኩም። ሱፐርቫይዘራችን አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ «ፉሪ መኖርሽ የፋብሪካው ጥፋት አይደለም» አለኝ። «አንዴ ከደገምሽው እዚያው እርሻሽ ላይ ቅሪ።»

ምን ላድርግ? ሥራውን ከለቀቅሁ የምንበላው የለም። ተሾመ የላከው ገንዘብ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም። ልጄን የሚያስገባ ቤት ሥራዬን ያስጥለኛል፤ ሥራዬን የሚያቆይልኝ ቤት ልጄን አያስገባም። ወደ እትዬ ብርቄ ሄጄ እሺ ብቻዬን እገባለሁ አልኩ። አዴ ጫልቱም በሳሙናና በስኳር፣ በትንሽ ብርም፣ ልጅቷን ሊይዙልኝ ተስማሙ። እሑድ እሑድ እመጣለሁ አልኳቸው።

ሕይወት ግን ጡት አልጣለችም። ከጎኔ ተቀምጣ የምትሰፋ አንዲት ጓደኛዬ፣ «እሬት ቀቢና ሂጂ፣ በአንድ ቀን ትተዋለች» አለችኝ። እናቶቻችንም እንዲሁ ነው ያስጣሉን፤ ማንም ያልሠራውን አልሠራሁም። እሬቱን ቆርጬ፣ ያንን የሚዝለገለግ ፈሳሹን ጡቴ ላይ ለቀለቅሁ። ጠዋት ነው፤ ዕቃዬ ታስሮ በሩ ላይ ተቀምጧል። እንደ ልማዷ እየሳቀች መጥታ ጎረሰች። ፊቷ ተጨማደደ። ለቀቀች። ቀና ብላ አየችኝ፤ እናቴ ናት ወይስ አይደለችም እንደምትል። ደግማ ሞከረች። ከዚያ በእጇ ጀርባ አፏን ጠርጋ ጮኸች። እኔ ፍራሼን ተሸክሜ ወጣሁ።

የእትዬ ብርቄ ክፍል ደረቅ ነበር፣ አልዋሽም። ቧንቧው በር ላይ ነው፤ ሲረኑ ሳይነፋ ፋብሪካ እደርሳለሁ፤ ሳምቡሳ ገዝቼ ቆሜ ለመብላት እንኳን ጊዜ አለኝ። ጡቴ ግን አበጠና ድንጋይ ሆነ። በነጠላ ጠፍንጌ አስሬው እጅጌ እገጥማለሁ። ከአጥር ወዲያ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሸሚዜ ይረጥባል። ደግሞ መስከረም ሊመጣ ነው፣ የተማሪ ሸሚዝ ይፈለጋል ተብሎ እሑድም ኦቨርታይም አስገቡን፤ የቀረ ይባረራል። አንዱም እሑድ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ።

በዚያ መሃል የእትዬ ብርቄ የልጅ ልጆች መጡ። ግቢውን አተራመሱት። ከሥራ ስመለስ በሬን በከሰል ሞነጫጭረውት አገኘሁ፤ ሰው ሠርተዋል፣ በግ ሠርተዋል። ቧንቧው ተከፍቶ ይፈሳል።

«እትዬ፣ በሩን አዩት?» አልኩ።

«ልጅ አይደሉ?» አሉኝ እየሳቁ። ዳቦ ቆርሰው በየእጃቸው ሰጧቸው።

በዚያች ቀን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ይቅር በይ ይሉኛል። እሺ እላለሁ፤ እሺ ማለት ቀላል ነው።

እሑድ ዕረፍት እንዳገኘሁ ብስኩት ይዤ ፉሪ ሄድኩ። ዝናቡ ጋብ ብሏል፤ በየአጥሩ ሥር በቆሎ እሸት ይጠበሳል፣ መንገዱ ሁሉ ይሸታል። ሕይወት ከጥጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ወፍራለች፣ ጉንጯ ቀልቷል። ስሟን ጠራሁ። ቀና ብላ አየችኝ፣ አወቀችኝም። ሮጬ አነሳኋት። ደረቴ ላይ ሳስጠጋት አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገችና እንትፍ አለች። ምንም ሳላቀርብላት። ከዚያ ተወራጭታ ወርዳ የአዴ ጫልቱን ቀሚስ ያዘች።

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አልኩ።

«ምን አድርገሻት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጡትሽንም ራስሽንም በአንድ ጠዋት? ወይ እሬቱን ቀብተሽ አብረሻት ሰንብች፣ ወይ ሳትቀቢ ሂጂ። ሕፃኗን መጨረሻ ያቀመስሻት መራራ ነው። መራራ ነሽ ብላ ያዘች። ማል ጎና፣ ምን ይደረግ?»

«ትረሳዋለች እንዴ?»

«አንቺ ከሌለሽ በምን ትርሳው? ውሰጃት። እኔ የሰው ልጅ ለምጄ መልሼ መስጠት አልችልም። እኔም ሰው ነኝ።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ጥጃው አዙረው ነበር።

እየጮኸች፣ እየነከሰችኝ አዘልኳት። መካኒሳ ስደርስ እትዬ ብርቄ የግቢውን በር በአካላቸው ዘግተው ቆሙ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ልጄ ናት።»

«ቃልሽ የት አለ?»

«ትለምደኝ እንደሆነ ጥቂት ቀን ብቻ እትዬ። ድምጿን ታሰማለች ብለው አይፍሩ።»

«እንዲህ እየጮኸች ነው ድምጿን አታሰማም የምትይኝ? ወይ እሷ ወይ ቤቱ።»

«እሷ» አልኩ።

ቀድሜ የከፈልኩትን ኪራይ አልመለሱልኝም። ፍራሼን ራሴ አወጣሁ፤ ወያላው ለፍራሹም እንደ ሰው አስከፈለኝ። ፉሪ ስንደርስ አዴ ጫልቱ በር ላይ አዩንና፣ «ቤቱን ለበጎቼ ሰጥቼዋለሁ» አሉ፤ ከዚያ እየተቆጡ ገብተው በጎቹን አንድ በአንድ አወጡልኝ።

በማግስቱ ፋብሪካ አልሄድኩም፤ በሌላውም ቀን። ሥራው በዚያው ቀረ። አስፋልቱ ማለቂያ ላይ ድንች እየቀቀልኩ በሚጥሚጣ ሸጥኩ፤ ቦቲዬን የሰደቡ ወያላዎች ደንበኞቼ ሆኑ። ሕይወት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትተኛው፤ እኔ ጀርባዋን እያየሁ አነጋለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት ስነቃ እግሯን ሆዴ ላይ ጭናው አገኘሁት። ሳልንቀሳቀስ ተኝቼ ቆየሁ፤ ውሃ ልቀዳ የምሄድበት ሰዓት አለፈ። ጡቴን ግን ዳግመኛ አልያዘችም።

ለሕይወት ይህን ሁሉ በዚያ ቅዳሜ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ከአፌ የወጣው «አልይዝልሽም» የሚል ብቻ ነው።

«ሰው ልጁን ለእናቱ ቢሰጥ ነውር ነው?»

«አልይዝልሽም አልኩሽ።»

«ከእኔ ጉልበትሽ በልጦብሽ ነው? በሳምንት አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን እንዳይቀርብሽ ነው?»

«ልጅ የማይፈልግ ቤት አንቺንም አይፈልግሽም። የሚፈልገው ኪራይሽን ነው።»

«ጨካኝ ነሽ» አለችኝ። ናቲን አዝላ ወጣች፤ ጫማዋን በቅጡ እንኳን ሳታስር።

ፉሪ ገቡ። የነገረኝ ባሏ ነው፤ እሷ እስከ ዛሬ አልደወለችልኝም። እኔ ደግሞ መፍራት አልተውኩም። ናቲ ቢያተኩሰው በምን ይወርዳሉ? ሥራ ስትውል ልጁን ማን ይይዝላታል? ውሃ የመጣ ዕለት ማን ይቀዳላታል? ሲመሽ ጋርመንት ያለውን የፉሪ ታክሲ ሰልፍ አያለሁ፤ መጨረሻው አይታይም፣ ሰዉ ይገፋፋል፣ ልጄ ከመሃላቸው የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። ናቲ ሳይነቃ ወጥታ ከተኛ በኋላ ትገባ ይሆናል። ይህች ከተማ ቅርቡን ቤት ልጅ ለሌላቸው፣ ሩቁን ለእናቶች አካፍላለች፤ የሁለቱንም ኪራይ በሕፃናት ነው የምታስከፍለው። ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ ለመማል አልደፍርም።

ግን ማታ ሻማዬን አጥፍቼ ስጋደም አንድ ነገር አስባለሁ። ደክሟት፣ ተቆጥታኝ፣ እግሯ ጭቃ ሆኖ ትገባለች። ትተኛለች። ሊነጋ ሲል እዚያ ልስን ባልነካው ቤት አንድ ትንሽ እግር ሆዷ ላይ ይወጣል። ለምን እንዳልተቀበልኳት ባታውቅም፣ ያንን እግር አታነሳውም።