የሠላሳ አንድ ቁጥር ዘይት

ከአያት እስከ ገርጂ ባለው መንገድ ላይ ሽንኩርት ስንት እንደሚሸጥ ውባንቺ ሳታውቅ ያደረችበት ቀን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአውሮፕላን ማረፊያው የካርጎ ክፍል የጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠዋት በባቡር እስከ መገናኛ፣ ከዚያም በሚኒባስ እስከ ቦሌ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ግን እንደ ሌላው ተሳፋሪ ቀጥታ ወደ ቤቷ አትገባም። አንድ ቀን ጉርድ ሾላ ወርዳ የቲማቲሙን ዋጋ ታያለች፣ በሌላው ቀን ሲኤምሲ ወርዳ የምስር ክኩን ትጠይቃለች፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ ትጨርሰዋለች። ሳትገዛ የምትወጣባቸው ሱቆች ከምትገዛባቸው ይበዙ ስለነበር ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት፣ "ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ዋጋ አስተካክሉ!" እያሉ ይሳሳቁባታል።

ይህን ሙያ የተማረችው በልጅነቷ ነው። ከመንዝ መጥታ ቦሌ በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ በሠራተኛነት የተቀጠረች ጊዜ፣ አሠሪዋ መልሱን ሳንቲም በሳንቲም ቆጥረው ይቀበሏት ነበር። አንድ ቀን ድንች በውድ ገዝታ በመመለሷ፣ "የሰው ገንዘብ ስለሆነ ነው እጅሽ የላላው" አሏት። ያችን ቃል አልረሳቻትም። የራሷን ትዳር ይዛ፣ የሦስት ልጆች እናት ሆና እንኳ፣ ገንዘብ ከቦርሳዋ ስታወጣ አሠሪዋ ከጀርባዋ የቆሙ ይመስላታል።

ባሏ እሸቴ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ይጠብቃል። ጨዋታ ወዳድ ነው።

"አንቺ ሴት፣ ሁለት ብር አተርፋለሁ ብለሽ የሺህ ብር ጫማ ጨረስሽ እኮ!" ይላታል።

"ጫማ በዓመት አንዴ ነው የሚጠይቅህ። ሆድ በቀን ሦስቴ ይጠይቃል" ትለዋለች።

በወጥ ቤቱ በር ጀርባ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተገልብጦ ተሰቅሏል። የሰበሰበችውን ዋጋ ሁሉ የምትጽፈው በዚያ ላይ ነው። ለብቻዋም አትይዘውም፤ የብሎኩ ሴቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ደረጃ ላይ ያስቆሟታል። ከሁሉም ይልቅ የምትጠይቃት ግን ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረው ማዕዛ ነበረች። ማዕዛ የውባንቺ ትልቅ ልጅ የሀይሚ ክርስትና እናት ናት። ከጎረቤትነት አልፈው አበልጅ ከሆኑ ስምንት ዓመት ሞልቷቸዋል። ማዕዛ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውላለች።

"አበልጄ፣ ዛሬስ የት ይሻላል?"

ውባንቺም ገና ከዘንቢሏ ያላወጣችውን ዜና ትነግራታለች። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል ብላ ታምናለች፤ የሥጋ ዘመድ ሳይመርጡት ይወለዳል፣ አበልጅን ግን ሰው አይቶና መዝኖ ይመርጣል።

የሰፈሩ የሸማቾች ማኅበር ስኳርና ዘይት በኮታ ያከፋፍላል። በየቤት ቁጥሩ፣ በካርድ፣ ከገበያው እጅግ በሚቀንስ ዋጋ ነው የሚሰጠው። ችግሩ ክፍፍሉ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት መሆኑ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ማዕዛ፣ "ካርዱን ለእኔ ስጪኝ። እኔ እንደሆነ ቤት ነኝ፣ ከራሴ ጋር አወጣልሻለሁ" አለቻት። ውባንቺም ማዕዛ ወኪሏ እንደሆነች ፈርማ ካርዱን አስረከበቻት፤ እንዲህ ያለች አበልጅ ስለሰጣት ፈጣሪዋንም አመሰገነች።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የስኳርና የዘይት ገንዘብ ለማዕዛ ትሰጣለች። ማዕዛ ስኳሩን ታመጣለች። የዘይቱን ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ብር ግን ሳታጎድል ትመልስላታለች።

"ዘንድሮ ዘይት የሚባል ነገር የለም፣ አበልጄ። ከሄድኩ አይቀር ብዬ ሁለት ሰዓት ቆምኩ፤ አልመጣም አሉን።"

ገንዘቡ እንዲህ ሳይጎድል መመለሱ ውባንቺን የበለጠ ያሳምናት ነበር። የሚሰርቅ ሰው ገንዘብ አይመልስም ብላ አስባ ይሆናል፤ ወይም ይህን ለማሰብም አልደፈረች ይሆናል። ዘይቱን ከገበያ ለመግዛት ተነሣች፣ እንደ ልማዷም ዞረች። አንዱ ሱቅ አንድ ሺህ አራት መቶ፣ ሌላው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ አላት። በሦስተኛው ሳምንት ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ሱሌማን ሱቅ ውስጥ፣ ያንኑ ባለ አምስት ሊትር ዘይት በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና አገኘችው።

"ሱሌማን፣ የምርህን ነው?"

"ወላሂ! ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ ለሁሉም ነው። ተቆጣጣሪዋ ሳትደርስብኝ ራሴን አስተካከልኩ።"

ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ደረጃውን ሳትጨርስ ለማዕዛ ደወለች። "አበልጄ፣ ስሚኝ! ሱሌማን ጋ በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና!" አለቻት። ማዕዛ የሱቁን ስም ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያም ማዕዛ፣ "አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ" አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውባንቺ ዘይት የምትገዛው ከሱሌማን ሆነ። ባዶውን ጀሪካንም አትጥለውም፤ ውሃ ስለምትጠፋ እየሞላች በረንዳዋ ላይ ትደረድረዋለች። ሕይወቷን በሙሉ ዋጋ ስታወዳድር የኖረች ሴት፣ ያ ዘይት ለምን እንደረከሰ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ርካሽ ነገር ሲያገኙ ደስ ይላል እንጂ ማን ይመረምራል?

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ በሰው ተራ በመሥራቷ ሰኞ ዕረፍት ተሰጣት። ጾሙ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ የልጆቹ ሆድ የሚያርፈው በሽሮና በምስር ላይ ነው፤ ያለ ዘይት ደግሞ ሽሮው እህል አይመስልም። ባለፈው ዓመት ዘይቱን በማንኪያ እየለካች ነበር የጾመችው። ዘንድሮ የኮታውን ዘይት ብታገኝ ከሱሌማን ዋጋ ሦስት መቶ አሥር ብር ይተርፋታል፤ በዚያ ላይ ትንሽ ጨምራ ለልጆቹ ኦቾሎኒ ልትገዛላቸው አቀደች። ይህን እያሰላሰለች በሸማቾች ሱቅ በኩል ስታልፍ ሰዎች ጀሪካን እያንጠለጠሉ ሲወጡ አየች። ዘይት መጥቷል!

ለማዕዛ ደወለች፣ አልተነሣም። ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዙት አዛውንት፣ አቶ ገብረየስ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

"ጋሼ፣ ካርዴ አበልጄ ጋ ነው፤ ስልክ አላነሣችልኝም። ስሜን ከመዝገቡ አይተው ይስጡኝ፣ ካርዱን ነገ አመጣለሁ። ብሎክ አሥራ አራት፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ።"

ሽማግሌው በጣታቸው መዝገቡን ተከትለው ወርደው አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ዓርብ ዕለት ወስደሻል።"

"እኔ? እኔ እኮ ዓርብ ሥራ ላይ ነበርኩ።"

ከኋላዋ የቆመች ወፍራም ሴት ሳቀች። "ጾም ሊገባ ሲል የሁሉም ኮታ ይጠፋል! እቴ፣ ሁለቴ ልትወስጂ ነው?"

"ዞር በይላት እስቲ፣ ሰዓት ይሄዳል!" አለ አንድ ጎልማሳ።

ውባንቺ ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለች። "ጋሼ፣ በደንብ ይዩልኝ እንጂ።"

"አየሁት፣ ልጄ። ወኪልሽ ናት የፈረመችው፣ ያቺ ቀይዋ ሴትዮ። በየወሩ እሷው አይደለች የምትወስድልሽ?"

"ስኳሩን ነው።"

"ሁለቱንም ነው እንጂ!" መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡት። "መስከረም ላይ ብቻ ዘይት አልመጣም። ሌላውን ሁሉ ወስዳለች። ደግሞ ማንም ሁለት እንዳይወስድ ብዬ በየጀሪካኑ እጀታ ሥር የቤት ቁጥር በማርከር እጽፋለሁ። የአንቺም ላይ ጽፌአለሁ።"

ከወረፋው ወጣች። ወፍራሟ ሴት ከኋላዋ የተናገረችውን አልሰማችም።

ቤቷ ገብታ በቀጥታ ወደ በረንዳው ሄደች። ውሃ የተሞሉ ሰባት ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ እያነሣች እጀታቸው ሥር ተመለከተች። በስድስቱ ላይ የተፈተገ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። በሰባተኛው ላይ ግን የፈተገው ሰው ቸኩሎ ኖሮ ጽሑፉ ከነቁጥሩ ይነበባል፤ ብሎክ 14፣ ቁጥር 31። ውባንቺ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ሆነች። ከአያት እስከ ገርጂ በእግሯ ዞራ፣ ሻጭ አወዳድራ፣ ሦስት መቶ አሥር ብር ጨምራ የገዛችው የገዛ ራሷን ዘይት ነበር።

ጀሪካኑን ከነውሃው ተሸክማ ሁለት ፎቅ ወረደች። ማዕዛ በሩን ስትከፍት ፈገግ ብላ ነበር።

"አበልጄ! ምነው በደህና? ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?"

ውባንቺ ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ዘይት መጥቷል አሉ።"

"ማን አለ?"

"ከሱሌማን የገዛሁት ነው። እጀታው ሥር እዪው።"

ማዕዛ እጀታውን አላየችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ "መጀመሪያ ለሱሌማን ስሸጠው አንቺ እጅ ይገባል ብዬ አላሰብኩም" አለች።

ውባንቺ ይቅርታ የምትሰማ መስሏት ነበር። "ይህ ነው የቆጨሽ? እኔ እጅ መግባቱ?"

"እንደዚያ ማለቴ አይደለም…"

"ርካሽ ነገር ካለ እኔ እንደምደርስበት ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል? የት ይሻላል እያልሽ ስትጠይቂኝ የነበረው አንቺ አይደለሽም?"

"አልበላሁትም እኮ!" አለች ማዕዛ ድምፅዋ እየተሰበረ። "ባሌ ከሥራ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ክርስትና እናት ደግሞ ባዶ እጇን አትመጣም። የፋሲካውን ቀሚስ፣ የእንቁጣጣሹን ጫማ ከየት የማመጣው ይመስልሻል? ሀይሚ ፊት ላፍር? በሰው ፊት ላፍር? ገንዘብሽንም መልሼልሻለሁ፣ አንድ ብር አልነካሁብሽም። ትርፏን ብቻ ነው…"

ውባንቺ ያ ቀሚስ የመጣበትን ፋሲካ አስታወሰች። ነጭ ነበር፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ከቤትሽ አይጥፋ፣ ከእጅሽ አይንጠፍ" ብላ ማዕዛን መርቃት ነበር። ልጆቿም በዚያው ሰሞን ቀለሙ ያልወጣ ሽሮ ሲበሉ፣ "እማዬ፣ ይሄ ለምን ነጭ ሆነ?" ብለዋት ነበር።

"ልጄን በገዛ ወጧ አለበስሻት" አለች ቀስ ብላ። "እኔም አመሰገንኩሽ። ይህን አላየሽም? ስመርቅሽ ቆመሽ አሜን አልሽ።"

ማዕዛ መሳቢያውን ከፍታ ካርዱን አወጣች። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ሳይታጠፍ፣ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ይህ ጥንቃቄ ውባንቺን ከሁሉም ይልቅ አመማት።

"አበልጅነታችንስ?" አለች ማዕዛ ካርዱን ሳትለቅ።

"እሱ በቤተ ክርስቲያን የታሰረ ነው፣ እኔ አልፈታውም። ካርዱን ልቀቂው።"

ማታ እሸቴ ነገሩን ሲሰማ ከተቀመጠበት ተነሣ። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኼ ነው! ወርጄ ልንገራት!"

"ተረቱንም ተወው፣ መውረዱንም ተወው" አለችው። "ልጅቷ ትሰማለች።"

ሀይሚ ከጓዳ ብቅ አለች። "እማዬ፣ እትዬ ማዕዛ ለዘንድሮ ፋሲካ ምን ትገዛልኛለች?"

"ፋሲካ ገና ነው" አለች ውባንቺ። "ሂጂ፣ ተኚ።"

ጾሙ ገባ። ባለ አምስት ሊትሩን መንካት አስጠልቷት ከሱሌማን ግማሽ ሊትር ብቻ ገዛች፤ ምንም አልጠየቀችውም፣ እሱም እንደወትሮው ቀለደባት። ዘይቱን ዳግመኛ በማንኪያ መለካት ጀመረች። የኦቾሎኒው ነገር ቀረ።

በመጀመሪያው እሁድ ዘንቢሏን ይዛ ወደ እሁድ ገበያው ስትወርድ ስልኳ ጮኸ። ማዕዛ ነበረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ቃሉ ግን ያው የቀድሞው ነበር።

"አበልጄ… ሽንኩርት ዛሬ የት ይሻላል?"

ውባንቺ መንገዱ መሀል ቆመች። አላውቅም ልትል ትችል ነበር። ሩቅ ቦታ ልትልካት፣ በባዶ ልታመላልሳት ትችል ነበር። ነገር ግን ዕድሜዋን በሙሉ በዋጋ ዋሽታ አታውቅም፣ አሁንም አልሆነላትም።

"እሁድ ገበያው ነው። ከመግቢያው ሦስተኛው ድንኳን፣ ስልሳ አምስት" አለችና ዘጋችው።

ከዚያም ፊቷን አዙራ ወደ ብሎኩ ተመለሰች። ከደረጃው ሥር ጉልት የምትቸረችረው ሴት ቀና ብላ አየቻት።

"ውባንቺ! አንቺ ከእኔ ልትገዢ? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ሰባ አምስት ነው፤ ኋላ እንዳትጮሂብኝ!"

"ሁለት ኪሎ መዝኚልኝ" አለች ውባንቺ።

አልተከራከረችም፣ ምራቂም አልጠየቀችም። ከማዕዛ ጋር ጎን ለጎን ቆማ ሽንኩርት ላለመምረጥ ስትል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እያወቀች በውድ ገዛች። በወጥ ቤቱ በር ጀርባ በተሰቀለው ወረቀት ላይ የዚያን ዕለት የሽንኩርት ዋጋ አልተጻፈም።