ፀሐይ የማይወድ መነጽር

ጅማ ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ብርሃን ለማስተማር ያለኝ መሣሪያ አንድ ብርጭቆ ውኃና ከተማሪ የምዋሰው እርሳስ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ የወደፊቱን ዘመን በሻንጣ ይዞ ሲመጣ፣ «ባለሙያ» ተብዬ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

የወደፊቱ ዘመን መነጽር ነበር። ብርሃን በመስታወቱ ጠርዝ ገብቶ፣ ከውስጥ ወዲያና ወዲህ እየነጠረ ይሄድና፣ ዓይን ፊት ሲደርስ በደቃቅ ጭረቶች በኩል ይወጣል። ያጠለቀው ሰው ፊቱ ያለውን ነገር እያየ፣ በላዩ ላይ ምልክት ያይበታል። የእኛው የታሰበው ለቡና ለቃሚ ነው፤ የበሰለውን ፍሬ በአረንጓዴ ክብ ይከበዋል። የቀላ ቡና መቅላቱን ለማወቅ ሰው እስከ ዛሬ ስንት መከራ አይቷል!

ሊሙ ገነት ሄድን። የማሳው ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሐጂ ናቸው። እንግዳው መነጽሩን አጠለቀላቸው።

«ሐጂ፣ ምን ይታይዎታል?» አልኩ።

«ቡናዬ።»

«ሌላስ?»

«ቀስተ ደመና። ማሻአላህ፣ ያምራል።»

ቀትር ነበር፤ ፀሐይዋ ምልክቱን ውጣዋለች። እንግዳው «ፀሐዩ በዛ» ብሎ አማረረ፣ ቡና ቢሮ ውስጥ የሚበቅል ይመስል። ጥላ ውስጥ ስናስገባቸው ክቡ ታየ። ችግሩ፣ ወደ ውጭም ያበራ ነበር። አጠገባችን የምትለቅመው ምራታቸው ቀና ስትል የአማቷ ዓይን አረንጓዴ ሆኗል።

«አዑዙ ቢላህ!» ብላ ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች።

ሐጂ ሲስቁ መነጽሩ ተንሸራተተ፤ መስታወቱን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ጠዋቱን ሙሉ ቡና ሲለቅም የዋለ ጣት እንደ ማር ይጣበቃል። የክቡ ግማሽ ጠፋ። እንግዳው አመድ መሰለ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ፣ መምህር?» አሉኝ ሐጂ።

መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ብርሃን መስታወት ውስጥ ታስሮ የሚሄደው ውጭው አየር ስለሆነ ነው፤ ፈሳሽ ከነካው በዚያ በኩል ያመልጣል።

«ብርሃኑ በጣትዎ በኩል ሾልኮ ወጣ።»

ጣታቸውን አገላብጠው አዩ። «እኔ ጋ የለም» አሉ።

እንግዳው መነጽሩን ጠራርጎ ወደ ሻንጣው መለሰ። በሪፖርቱ ላይ መነጽሩ እንከን አልነበረውም፤ ያስቸገሩት ፀሐይና ገበሬ ናቸው።

እኔ ግን አንድ እፍኝ ቀይ ቡና ይዤ ተመለስኩ። ክፍል ውስጥ በወፍራም መስታወት ጠርዝ ከተዋስኩት ሌዘር ቀይ ጨረር አስገብቼ፣ የፍሬውን ዝልግልግ ፈሳሽ ላዩ ላይ ጠብ አደረግሁ። የነካው ቦታ በቀይ ብርሃን ቦግ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩትን ነገር ገና ያን ቀን አየሁት።

«መምህር» አለች አንዷ ተማሪ፣ «ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም» አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።