ግቢውን የከፈለው ግንብ

አሮጊቷ በአንዲት ክፍት የጉብኝት መኪና ከኋለኛው ወንበር ጥግ ተቀምጠው የእጅ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ግራጫ ካፖርታቸው ዛሬ የተተኮሰ ነው፤ አዲሱ ጫማ ስለጠበባቸው ግን ተረከዙን ረግጠውታል። አስጎብኚው በማይክራፎን ስለ ሰዓቱ ማማና ስለ ጥንቱ የከተማ በር ሲያወራ ሌላው ተሳፋሪ አንገቱን ያሰግጋል፤ እሳቸው ቀና ብለውም አላዩ። ክፍቷ መኪና ልትታጠፍ ስትል ግን ሰውነታቸው ቀድሟት ያዘነብላል። “እኚህ ሴትዮ መንገዱን ያውቁታል” አለ አስጎብኚው በልቡ።

ጠባቡ ቅያስ ላይ ሲደርሱ ዘወትር የሚያስቅበትን ጨዋታ አመጣ።

“ይህን ግንብ ተመልከቱልኝ። ሁለት እህትማማቾች በአባታቸው ቤት ተጣሉና ታላቅየዋ ግንበኛ ጠርታ ግቢውን በአንድ ቀን ለሁለት አስከፈለችው። የውሃው ጉድጓድ ወዲህ፣ ባልዲው ወዲያ ቀረ።”

ተሳፋሪው በሳቅ አውካካ። አሮጊቷ አልሳቁም።

ጉብኝቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው ወደኋላ ቀሩ። አስጎብኚው ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋላቸው።

“ልጄ፣ ታናሽየዋስ ከዚያ ወዲያ ምን ሆነች?”

“እኔ እንጃ እማማ። እኔ የሰማሁት እስከ ግንቡ ድረስ ነው።”

እጁን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ።

“በአንድ ቀን አላለቀም” አሉት። “ሦስት ቀን ፈጅቷል። ሦስቱንም ቀን በሩ ላይ ቆማ ‘ተዪ፣ እትዬ’ ስትለኝ ነበር።”

አስጎብኚው ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያስቅበት ኖሮ፣ ስለ ታናሽየዋ አንድ ቀን እንኳ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።