በሰፌድ ያሰጣሁት ዛጎል

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ጊዜ ያበርደዋል ብዬ ነበር። የት ይበርዳል! አሁንም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

መርካቶ ሰባተኛ ውስጥ ዚፕና የልብስ ቁልፍ እሸጣለሁ። አማኑኤል አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ብቻዬን ስለሆንኩ ሁለት ቀያይ ዓሣዎች በመስታወት ገንዳ አሳድጋለሁ። ገንዳው ኦና እንዳይመስል መርካቶ ጌጣጌጥ ከሚሸጡት ዛጎል ገዝቼ ከሥሩ ደረደርኩበት።

ዛጎል ውሃ ውስጥ ሲቆይ አረንጓዴ ነገር ይይዘዋል፣ ይሙለጨለጫል። በሳሙና ወይ በበረኪና ካጠቡት ደግሞ ዓሣዎቹ ይሞታሉ። ስለዚህ ወር በወር አወጣና ቀቅዬ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ አደርቀዋለሁ። ሁልጊዜ መስኮቴ ላይ ነበር የማደርቀው። የዚያን እሁድ ግን ፀሐይ የነበረው ግቢው መሀል ስለሆነ በሰፌድ አሰጣሁት። ጥፋቴ ይቺው ናት።

አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰፌዱን አዩ። አማተቡና፣ "እግዚኦ! ግቢዬ ውስጥ ጠንቋይ ነው እንዴ ያስቀመጥኩት?" ብለው ጮኹ።

"ኧረ እትዬ፣ የዓሣዎቼ ነው! አጥቤው ነው" አልኳቸው።

"ዓሣ ዛጎል ምን ያደርግለታል? እኔም እኮ ብቻዋን ሆና ከማን ጋር ነው የምታወራው እላለሁ!"

ከዓሣዎቹ ጋር ነዋ የማወራው! ግን ማን ይስማኝ? ጎረቤቱ ግር ብሎ ወጣ። ስድስት ዓመት ሙሉ "የኔ እናት" ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ከአጠገቤ ጎተቱ። እትዬ ሰፌዱን በእግራቸው ገልብጠው፣ "በዚህ ሳምንት ቤቴን ልቀቂ!" አሉኝ። በዛሬ የቤት ኪራይ የት አባቴ ልግባ? እያለቀስኩ ዛጎሌን ከጭቃ ለቀምኩ። አንድ እንኳ ያገዘኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ጋሼ ታደሰ መጡ። ለምኜ አስገባኋቸውና ገንዳውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ ሳቁ። "አይዞሽ ልጄ፣ የትም አትሄጂም" አሉኝ። እትዬ ግን ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጥሩነሽ ናቸው! ግራ ቀኝ አይተው ገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉት።

"ልጄን ያጫት ሰውዬ ድምፁን አጠፋ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ያገባት እንደሆነ እስቲ ዛጎልሽን ጣል ጣል አድርጊና እይልኝ። ለማንም አልናገርም።"

"እትዬ፣ ጠንቋይ አይደለሁም፣ የዓሣዎቼ ነው ብዬ ነግሬዎት የለም እንዴ?"

"አውቃለሁ፣ ለሰው እንደዚያ ነው የሚባለው" ብለው ጠቀሱኝ።

ያን ጊዜ የሆነውን እኔም አላውቅም። ታላቄ መሆናቸውንም፣ አከራዬ መሆናቸውንም ረስቼ፣ "ይውጡልኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። በሩን ከፍቼ አስወጣኋቸው።

ፈርተው ከልባቸው አምነውበት ቢያባርሩኝ ኖሮ ይቅር እላቸው ነበር። በሰው ፊት አዋርደውኝ በጓዳ እኔው ጋ ሊያስጠነቁሉ መምጣታቸው ነው የሚያንገበግበኝ። አሁንም እዚያው ግቢ ነኝ፤ እትዬም ሲያገኙኝ በጎሪጥ ያዩኛል። የተቀየሙኝ ስለጮህኩባቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ለጎረቤት የሚያወሩት ሌላ ነው፦ "የልጄን ዕድል አይታ ደበቀችኝ!"