በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይባልም

እኔ ሁለት ስም አለኝ። አንዱ ደመወዝ የምፈርምበት ነው። ሁለተኛው የክርስትና ስሜ ሲሆን እናቴ ከሞተች ወዲህ በእሱ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እናቴ በልጅነቴ ሁለት ነገር አጥብቃ አስተምራኛለች። አንደኛው የክርስትና ስምን ለማንም አለመናገር ነው፤ ክፉ የሚያስብ ሰው የሚፈልገው እሱን ነውና። ሁለተኛው፣ ብቻዬን ሳለሁ ድምፅ ቢጠራኝ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አለማለት ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል፤ ሰው ያልሆነ ግን አንዴ ጠርቶ ነው የሚጠብቀው ትል ነበር። የመጀመሪያውን እኔ አፈረስኩት፤ ሁለተኛውን ልጄ አፈረሰችው። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም። አንዴ ጽፌ ያመጣብኝ ይበቃኛል።

ንፋስ መውጫ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የቤተ መጻሕፍቱም ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ቤተ መጻሕፍት ስል ሦስት መደርደሪያና በደንብ የማይዘጋ አንድ መስኮት ማለቴ ነው። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ በስጦታ አንድ ካርቶን የልጆች መጽሐፍ መጣልን። ከመካከላቸው ተማሪዎቹ የተሻሙበት፣ አንዲት ልጅ ቃል እየተናገረች የተዘጋ በር የምትከፍትበት፣ በሰፌድ ላይ ተቀምጣ የምትበርበት ታሪክ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተዘጋ በር ተሥሏል። ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ «ማንም የማያውቀውን ስምህን እዚህ ጻፍ፤ በሩ የሚከፈተው በእሱ ነው» ይላል።

የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ምን ዓይነት ስም እንደሆነ ጠየቁኝ። ደራሲው ልጆቹ አንድ የጨዋታ ስም እንዲፈጥሩ ፈልጎ ይሆናል፤ ነብር ወይም መብረቅ የመሰለ። እኛ አገር ግን ማንም የማያውቀው ስም መፍጠር አያስፈልግም፤ ልጁ ሁሉ ከክርስትናው ይዞት ነው የሚያድገው። እኔም የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አልቆብኝ ስቻኮል፣ እንዲህ ነው ብዬ ላሳያቸው እስክሪብቶ አነሣሁና የክርስትና ስሜን ከበሩ ሥር ጻፍኩ። እጄ ነው የጻፈው፤ ጭንቅላቴ የደረሰው ኋላ ነው። ልጄም እዚያው ክፍል ተማሪ ነበረችና ከእኔ ሥር የራሷን ጻፈች። ከዚያ መጽሐፉ ከወንበር ወንበር ዞረ። ሃያ ሁለት ልጆች ጻፉ፤ ከእኔ ጋር ሃያ ሦስት ስም ሆነ።

በሚቀጥለው ሰኞ ወላጆች ስብሰባ ጠሩ። ጥምጥም ያደረጉ አንድ አባት ተነሥተው አስማት ያለበትን መጽሐፍ ለሕፃን መስጠት ሰይጣንን ደጅ ከፍቶ ግባ ማለት ነው አሉ። እኔ ምላሴ አያርፍም፤ በተረታችን ጅብ ሲፈርድና ዝንጀሮ ሲመክር ማን ከለከለ፣ በገድሉስ ጻድቃኑ አንበሳ ይጋልቡ፣ በደመና ይሄዱ የለም ወይ አልኩ። ሰውየው አልተቆጡም። ጻድቃኑ በማን ኃይል እንደሚሄዱ ይታወቃል፤ ይቺ ልጅ በማን ኃይል ነው የምትበረው ብለው ጠየቁኝ። መጽሐፉ ይህን አይናገርም።

ርእሰ መምህሩ መጽሐፉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ ብሎ ነገሩን ሊዘጋ ሲል፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እናት ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች።

«የመብረሩ ነገር ይቅር» አለች። «ልጄ ስሟን የጻፈችበት ወረቀት የት ነው ያለው?»

ብዙዎቹ ወላጆች ስለ ስሙ ገና መስማታቸው ነበር። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ፤ ያኔ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ነገ ጠዋት ገጹን በፊታችሁ ቆርጬ አቃጥላለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ከስብሰባው እንደወጣሁ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ ሳልገልጠው ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤታችን ውስጥ ያን ጊዜ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄና አባቴ። ባሌ ደብረ ታቦር ይሠራል፤ የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን ነው። አባቴ እዚሁ አገራችን ቤተ ልሔም ከተባለው የድጓ ዜማ ጉባኤ ያስመሰከሩ መሪጌታ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ለሕክምናው ይቀርባል ብዬ እኔ ጋ አመጣኋቸው። በተማሪነታቸው ዘመን ድጓ ብቻ አልነበረም የተማሩት የሚል ሐሜት በልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ጠይቄያቸው ግን አላውቅም። ያን ቀን ወጥ ስሠራ ልጄ መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥታ በሰፌድ የመብረሩን ምዕራፍ ታነብላቸው ነበር። «ሰፌዱን ይዛው ከበረረች ገብሱን ማን ሊያበጥረው ነው?» ብለው ሲስቁ ሰማሁ። ከቤተ ክህነት ሰዎች የእኔ አባት አልፈሩም ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ወላጆቹ ሜዳው ላይ ክብሪት ይዘው ጠበቁኝ። መጽሐፉን ገለጥኩ። በሩ የለም። ገጹ ከስፌቱ ሥር በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል፤ እጅ ያልተንቀጠቀጠበት ቀጥ ያለ አቆራረጥ ነበር።

አንድም ሰው አልጮኸብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጆቻቸውን እየያዙ ወጡ። በሳምንቱ ስድስት ልጆች አንገታቸው ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አሥረው መጡ። ገጹ አርብ ገበያ ላይ በድብቅ ተሸጧል የሚል ወሬም ተሰማ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጥበቃውንም፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም፣ አብረውኝ ሻይ የሚጠጡትን መምህራንም አንድ በአንድ ጠረጠርኩ። ለጥበቃው ሰላምታ እስከመንፈግ ደረስኩ። የራሴን ቤት ግን አላሰብኩትም።

ሰኔ ገባ። እኛ ዘንድ ሰኔ ሲገባ ጉሙ መስኮት ድረስ መጥቶ ይቆማል፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይውላል። አንድ ቀን ንጋት ላይ ቁርስ ሳዘጋጅ ልጄ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚመለስ፣ «አቤት» አለች።

«ማንም አልጠራሽም» አልኳት።

«ተጠርቻለሁ» አለች። «በዚያኛው ስሜ ነው።»

ሕልም ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱም አቤት አለች። በሦስተኛው ቀን ለአባቴ ነገርኳቸው። ዳዊታቸውን አጥፈው በመጀመሪያው ጥሪ ነው ወይ የመለሰችው ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው እናትሽ ብትኖር ኖሮ ትቆጣሽ ነበር አሉና መልሰው ዳዊቱን ገለጡ። ከዚያ ወዲያ ልጄ ሁለት ቀን ዝም አለች። ልቤ ማረፍ ሲጀምር ጫማዋን ሳስርላት ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች።

«አሁን ቀስ ብሎ ነው የሚጠራኝ» አለችኝ። «አንቺ እንዳትሰሚ ነው መሰለኝ።»

እኔን ያስፈራኝ እሷ አለመፍራቷ ነው። ሳይነጋ ተነሥታ፣ ፀጉሯን ራሷ አበጥራ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ጀመር። አንድ ጠዋት በሩ ሲከፈት አንቺም ትገቢያለሽ አይደል፣ ስምሽ ከእኔ በላይ ነው ያለው አለችኝ። ዲግሪ አለኝ፤ በስንቱ አጉል እምነት ተማሪዎቼ ፊት ቀልጃለሁ። ያን ቀን ግን ሳላስተምር ዋልኩ። ልጄ ከእጄ ልትወጣ ነው፤ ያወጣኋትም እኔው ነኝ የሚል ሐሳብ ያዘኝና አልለቅ አለኝ።

ቅዳሜ ልጄን ለእህቴ ሰጥቼ ጸበል ሰደድኳት። እሁድ ሳይነጋ አልጋዋ ላይ ተጋደምኩ። የሚጠራት ነገር እሷን ሲያጣ ምን እንደሚል ለመስማት ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሹክሹክታ መጣ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ ግልጽ አድርጎ፣ ከራስጌዬ፣ የገዛ ስሜን ሰማሁ። ያንን ስም። አፌ ለአቤት ተከፈተ፤ በእጄ አፈንኩት። ቀጥሎ የልጄን ጠራ። ከዚያ የማላውቀውን ስም፣ ከዚያ ሌላ።

ድምፁ የሚመጣው በራስጌዬ ካለው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ማዶ ነበር። ከኮምፔርሳቶው ማዶ ያለው የአባቴ ክፍል ነው።

መጋረጃውን ስገልጥ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ዳዊት ይዘዋል፤ በሌላው የተሣለውን በር ዓይናቸው ሥር አስጠግተውታል። የድሮው ሐሜት ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። በገዛ አባቴ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤን እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም።

«ይህ እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል?» አልኩ።

አልደነገጡም። እስኪጨርሱ እንድቆም በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። እያንዳንዱን ስም ከ«ተዘከር እግዚኦ» ቀጥለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አቤቱ አስብ ማለት ነው። ሲያበቁ መደባቸው ላይ ተቀመጡ። ልጄ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ መጽሐፉን ሲያገላብጡ ገጹን እንዳዩትና በጥፍር መቁረጫ ምላጫቸው እንዳወጡት ነገሩኝ። ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው፤ አገር ሲታመስ፣ ልጄ ስትባንን እያዩ።

«ብነግርሽ ታቃጥዪዋለሽ» አሉ። «ይህን ያህል ሕፃን ስሙን ከደጅ ጽፎ በሩ ይከፈትልኛል ብሎ ጠብቋል። የተጻፈ ስም የሚጠራው ይፈልጋል፤ እኛ ካልጠራነው ሌላ ይጠራዋል። አስማት ማለት እኮ በግዕዝ ስሞች ማለት ነው፤ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። መጥፎ ያደረገው ሰው ነው።»

«እንዴት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ገጹን ዳዊታቸው ውስጥ አስገቡ። የድሮው ሐሜት እውነት ነበር። በተማሪነታቸው አንድ ሰው የአንዲትን ሴት የክርስትና ስም አምጥቶ በእሷ ላይ አስማት ጻፍልኝ ብሏቸው በገዛ እጃቸው ጽፈው ሰጥተዋል። ተማሪ ነበሩ፤ ተርበውም ነበር።

«ምን ሆነች?» አልኩ።

«አልጠየቅሁም» አሉ። «ብጠይቅ የሚነገረኝን ፈርቼ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እጠራታለሁ። ብቻዋን ነበረች፤ አሁን ሃያ ሦስት ጨመራችሁልኝ።»

አለቀስኩ። አሳዘኑኝም፣ አናደዱኝም። ልጄን ለምን አስፈራሯት ስላቸው፣ ድምፃቸው ከግድግዳ እንደሚያልፍ ያወቁት እኔ ስነግራቸው መሆኑንና ከዚያ ወዲህ ዝቅ ማድረጋቸውን ነገሩኝ። ለልጄም አያትሽ ናቸው የሚጸልዩልሽ አልኳት። ቅር አላት፤ በሩን ትጠብቅ ነበርና። በስብሰባው ስለ ወረቀቱ ለጠየቀችው እናት ብቻ ገጹ ማን ዘንድ እንዳለ ነገርኳት። እንግዲያው ይጥሩልን አለች። ለሌሎቹ ወላጆች እሷ ሳትነግር አልቀረችም፤ ክታቦቹ አንድ በአንድ ከልጆቹ አንገት ወረዱ። ጥበቃውን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደሆነ አልገባውም።

አባቴ በዓመቱ ጥር ላይ ዐረፉ። በፍትሐቱ ላይ የክርስትና ስማቸው ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ዳዊታቸውን ስገልጥ ገጹ እዚያው ነበር፤ ከልጆቹ የተንጋደደ ጽሕፈት ሥር በደብተራ እጅ ሁለት ስም ተጨምሮበታል። አንዱ የሴት ነው። የመጨረሻው የራሳቸው ነው። ምንም ማስታወሻ የለውም፤ ለማን እንደተጻፈ ግን ገባኝ።

እኔ ብዙ ጸሎተኛ አይደለሁም። ነገር ግን በየጠዋቱ እዚያው ክፍል ቆሜ ሃያ አምስቱንም እጠራለሁ። ያቺን ሴት ስጠራ ድምፄ ይወርዳል፤ የአባቴን ስጠራ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ቆም እላለሁ።

ባለፈው ሰኔ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ቆሞ፣ የእሳቸውን ስም ጠርቼ ዝም እንዳልኩ ልጄ ከኮምፔርሳቶው ማዶ «አቤት» አለች። የእሷን ስም ጠርቼ ካለፍኩት ቆይቻለሁ። ማን እንደጠራት አልጠየቅኋትም።