ለኮሽሙ ብዬ ያስጠመምኩት መንገድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ቤታችን እዚሁ አራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ ከምትሉት ሰፈር ወረድ ብሎ ነበር። ዓይኔ ስለደከመ እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። «እማዬ፣ የመኪና መግቢያ መሥራት ደግሞ ምን የሚያስለቅስ ነገር አለው?» አለችኝ ቅድም። አለው እንጂ! እስከ ዛሬ ድረስ ጠጠር በመኪና ጎማ ስር ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ካለሁበት አልንቀሳቀስም።

ባለቤቴ ሳህሉ የአቡጀዲ ነጋዴ ነበር። አንቱ ስለው «ሽማግሌ ልታደርጊኝ ነው?» እያለ ስለሚስቅ፣ አንተ እንዳልኩት ቀረ፤ ነፍሱን ይማረውና። ያን ዓመት መኪና ገዛ። ያኔ አውቶሞቢል ነበር የምንላት። ኧረ ወሬው! ሰፈሩ ሁሉ ሊያያት በራችን ላይ ተሰልፎ ዋለ። እሷ ግን ከበሩ አልፋ ትንሽ እንደሄደች ግቢው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ጎረቤቶች እየሳቁ ገፍተው አወጧት። ሳህሉ በጣም አፈረ። በማግስቱ ከበሩ እስከ ቤቱ ደረጃ ድረስ መንገድ የሚሠራለት ሰው ፍለጋ ወጣ።

ይዞት የመጣው ይመር የሚባል የወሎ ሰው ነበር። ረጋ ያለ፣ ወሬውን ሁሉ «አብሽሩ» ብሎ የሚጀምር። ግቢውን እየዞረ በድጅኖ መሬቱን ወጋ ወጋ አደረገና፣ «ከበሩ ቀጥ ብሎ በኮሽሙ ዛፍ በኩል ያለው ከስሩ ድንጋይ ነው። ኮሽሙን ቆርጠን ጠጠር ብናለብሰው ይበቃዋል» አለ።

«ኮሽሙ አይነካም!» አልኩ ደረጃው ላይ ቆሜ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ለምን እንደጮህኩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሴት ነበረች። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ፣ ትኩሳት ይዟት ሳይነጋ ሞተችብኝ። ያልተጠመቀ ሕፃን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው፣ በጸሎት የሚጠራበት ስም የለው። እግቢ ውስጥ ነው የሚቀበረው። ሳህሉ ለንግድ ድሬዳዋ ወርዶ ነበር። እኔን አራስ ናት ብለው ከአልጋ እንዳልወርድ ያዙኝ። አማቴ እቴቴ ዘነበችና ባለቤታቸው ናቸው ወስደው የቀበሯት።

«የት አደረጋችኋት?» ብዬ አማቴን ጠየቅኳቸው።

እጄን ያዙና፣ «ከኮሽሙ ስር፣ ልጄ። ጥላ አለው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለችኝ ቦታ ያች ብቻ ሆነች። ጠዋት ጠዋት ኮሽሙን ውሃ ሳጠጣ «እንዴት አደርሽ፣ ልጄ» እላለሁ። ሌሎች ልጆች ወልጄም ቢሆን፣ ሆድ ሲብሰኝ የምቀመጠው እዚያው ስሩ ነበር። ፍሬውን የሚለቅም ሰው ካየሁ ጠብ ነው። አበደች ያሉኝም አልጠፉ፤ ይበሉ።

ይመር ይህን ከየት ይወቅ? ራሱን ነቀነቀ። «እመይቴ፣ ቀጥ ካላልን በድሮው በቅሎ ጋጣ በኩል መዞር ነው። እዚያ ያለው ደግሞ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲመጣ መኪናዋን ይውጣታል። ጥቁሩን አፈር ጠራርገን አውጥተን፣ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ወርደን፣ በድንጋይ ካልሞላነው አይሆንም።»

«ውረዱ» አልኩት።

ሳህሉ ኮሽሙን አየ፣ እኔን አየ። ነገሩ ገባው። «እሷ እንዳለችው ይሁን» አለ። ያን ቀን እንዴት እንደወደድኩት!

እቴቴ ዘነበች ያን ሰሞን ወንድማቸው ሞተውባቸው ለለቅሶ ቡልጋ ሄደው ነበር፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከዚያ በፊት አርፈዋል። ሥራው እሳቸው በሌሉበት ተጀምሮ እሳቸው በሌሉበት አለቀ።

የይመር ሰዎች ዋልካውን ቆፍረው አወጡ። እየተጣበቀ ከዶማ የማይላቀቅ አፈር ነው። በአህያ እየጫኑ ወስደው ወንዝ ዳር ደፉት። ከታች ትልልቁን ድንጋይ ደረደሩ፣ መካከሉን በትንንሹ ሞሉ፣ ጠጠር አለበሱ፣ ውሃ እያርከፈከፉ በከባድ እንጨት ደቀደቁት። እኔ ቆሎና ብርዝ እያቀረብኩ ከአጠገባቸው አልጠፋም ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ። ልጄን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

እቴቴ ከቡልጋ የተመለሱት ሰዎቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ነው። በር ላይ ከበቅሎ ወረዱ። መንገዱን አዩት። በጋጣው በኩል ዞሮ እስከ ደረጃው መድረሱን በዓይናቸው ተከተሉት።

«ይህን በዚህ ያዞረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እቴቴ። ኮሽሙን ሊቆርጡት ነበር፤ እምቢ አልኩ። ለልጄ ብዬ።»

እቴቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። «እኔን ይድፋኝ! እኔን ይድፋኝ!» ይላሉ።

«ምነው? ምን ሆኑብኝ?»

«ልጄ፣ ኮሽሙ ስር እኮ ድንጋይ ነው። ባለቤቴ ቢቆፍሩ ቢቆፍሩ ዶማው አልገባ አላቸው። ሊነጋብን ሆነ። የላላ አፈር ያገኘነው ጋጣው አጠገብ ነው፤ እዚያ አደረግናት። አንቺን ግን ከበቅሎ ፍግ አጠገብ ናት ብዬ በምን አፌ ልንገርሽ?»

ይመር «ከስሩ ድንጋይ ነው» ያለው ያኔ ጆሮዬ ላይ ደወለ። ሰምቼው ነበር እኮ! ድንጋይ ከሆነ እንዴት ተቀበረችበት ብሎ ማን ያስባል? ከዚያ በኋላ የጮህኩትን አላስታውስም። ጎረቤት ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ለቅሶም ነበር።

ይመርን፣ «ስትቆፍሩ ያያችሁት ነገር ነበር?» አልኩት።

«ወላሂ እመይቴ፣ ከአፈር በቀር ያየነው የለም» አለ። ቀጥሎም፣ «በዚያ ዕድሜ ያለች ሕፃን፣ በዋልካ ውስጥ፣ ይህን ያህል ዘመን… ምን ይቀራታል?» አለ። እንባው በጺሙ ላይ ይወርድ ነበር።

ሳህሉ ዶማ አንሥቶ ድንጋዩን ልንቀለው አለ። «ምን ልታገኝ?» አልኩት። ልጄ ከጠጠሩ ስር ትሁን፣ ወይስ ከአፈሩ ጋር በአህያ ተጭና ወንዝ ዳር ተደፍታ ትሁን፣ የሚያውቅ የለም። ዶማውን አስቀመጠው።

ይመር ጫማውን አወለቀ። መንገዱ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላት። ሰዎቹ «አሚን» አሉ። እኛም «አሜን» አልን፤ እቴቴም ጭምር። ካህን ላልደገመላት ልጄ ሰው ቆሞ የጸለየላት ያን ቀን ብቻ ነው። ይመርን አላህ ይስጠው እያልኩ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

መኪናዋ በዚያ መንገድ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልሄደችም። ሳህሉ ውጭ ያቆማታል፣ እኛም በሳሩ ዳር ዳሩን ይዘን እንገባለን። የአራዳ ሰው አፍ መቼ ያርፋል! «ሳህሉ መኪናውን ዘበኛ ቀጥሯታል፤ በር ላይ ነው የምታድረው» እያሉ ተረቡት። እሱም አብሯቸው ይስቅና ቤት ሲገባ ፊቱን ያዞራል።

እቴቴን ተቀይመሻቸው ነበር ወይ የሚሉኝ አሉ። በምን አንጀቴ? ሊያጽናኑኝ ብለው ነው የዋሹኝ፤ ውሸታቸውም ያን ሁሉ ጊዜ አጽናንቶኛል። ሊሞቱ ሲሉ የተናዘዙት አንድ ነገር ነው፤ «በጠጠሩ ላይ እንዳታሳልፉኝ»። አስከሬናቸውን የተሸከሙት ሰዎች በሳሩ በኩል አዙረው አወጧቸው።

አሁን ቤቱ የሌላ ሰው ነው። በቀደም በዚያ ሳልፍ አንድ መኪና እየተንኮሻኮሸ ሲገባ ሰማሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ዘበኛው «እናቴ፣ ሰው ፈልገው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። አስገባኝ።

ልሄድ ያሰብኩት ወደ ጋጣው ቦታ ነበር። እግሬ ግን ወደ ኮሽሙ ወሰደኝ። አርጅቷል፣ ግን አለ። ስሩ ድንጋይ እንደሆነ፣ እዚያ እንደሌለች አውቃለሁ። ሌላ የምሄድበት ግን የለኝም።

«እንዴት አደርሽ፣ ልጄ» አልኳት።