ተስተካክሎ የወጣው ድምፄ

የበደለኝ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ከፎቶ ቤት ጀርባ የመዝሙር መቅጃ ስቱዲዮ የከፈተው ሰው ነው፤ ጊዜውም ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ። ስሙን አልጽፍም። ራሱን ያውቃል፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ያኔ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ነበርኩ። በሀዲይኛ ስንዘምር እኔ አወጣለሁ፣ ሌሎቹ ይቀበሉኛል። ስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፄን ሰበር አድርጌ ወደ ታች አወርደዋለሁ። ከአክስቴ የያዝኩት ነው። እጁን እያወዛወዘ የሚመራ ሰው ስላልነበረን፣ ተቀባዮቹ የሚነሡት ያንን ስብራት ሲሰሙ ነበር።

የመጀመሪያውን ሲዲያችንን ሲቀዳ ሰውዬው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አይነቅልም። አንዱን መዝሙር እንደገና ልበለው ስለው፣ "አይድከሙ እትዬ፣ እንዴትም ቢሉት ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል" አለኝ። እውነትም አስተካከለው። ስብራቱን ሁሉ አቃንቶ፣ ኢኮ ጨምሮበት፣ ድምፄን እንደተተኮሰ ሸሚዝ አድርጎ አወጣው።

ሲዲው በወጣ ሰሞን ከአክስቴ ጋር ጃጁራ ገበያ ወጥተን ከአንድ ሱቅ ሲጫወት ሰማነው። አክስቴ ቆማ አዳመጠችና፣ "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት? ትንፋሽ የላትም እንዴ?" አለችኝ።

በዚህ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። ሁለተኛው ሲዲ ሲታሰብ ግን ሰውዬው ለቡድኑ ኃላፊዎች የእኔ ድምፅ ብዙ ማስተካከያ እንደሚፈልግ፣ ማንም ብታወጣ ኮምፒውተሩ አንድ እንደሚያደርገው ነገራቸው። አመኑት። ለሽፋኑ ፎቶ የምታምር ወጣት ከፊት አቆሙና እኔን ወደ ኋላ ረድፍ ወሰዱኝ። ጥቂት እሁዶች እዚያ ቆሜ ከዚያ መሄዱን ተውኩት። የት ጠፋሽ ያለኝ የለም።

ከዓመታት በኋላ የስቱዲዮው ሰውዬ እናት ሞተች። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት አንዲት ሴት ሙሾ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ያለዚያ ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ሴትዮዋ እኔ እንዳወርድላት ተናዝዛ ነበርና፣ ልጇ ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤቴ መጣ።

"እትዬ፣ ለእኔ ብለው ሳይሆን ለእሷ ብለው" አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

"ድምፄ እኮ አንተ ዘንድ ነው" አልኩት። "እሱን አጫውትላት።"

ሽማግሌዎቹ ብዙ ለመኑኝ። ሟቿ ምን አደረገችሽ አሉኝ። ምንም አላደረገችኝም። ልጇን አገር ፊት የማሳፍርበት ሌላ ቀን ግን አላገኝም ነበር።

በማግስቱ ለቅሶው ቤት ሄድኩ፤ መቅረትማ ነውር ነው። ሙሾ የሚያወርድ ጠፋ። ሴቶቹ ዘወር እያሉ ፊቴን አዩ፣ ቆይተው ተስፋ ቆረጡና እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው አለቀሱ። እሱም አየኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከንፈሬን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ከቀብር መልስ ንፍሮ ቀመስኩና ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።